የውሃ ፈረቃና የነርስ ፈረቃ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ቢዮ አዋሌ ይባላል። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል፣ «ቢዮ»፣ በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው። ዝናብ በማይበረክትበት ምድር አንድን ሥፍራ በውሃ ስም መጥራት እንዲያው ለጌጥ የሚደረግ ነገር አይደለም። ውሃ ያለበት ቦታ ስም ያገኛል፤ መንገድ ወደ እርሱ ይወጣል፤ ሰፈርና ገበያም ይከተሉታል። ዛሬ የሚቀርበውም ጉዳይ የሚነሣው ከውሃ ነው፤ የሚያርፈው ግን በአንደኛ እይታ የመሐንዲስ ሥራ በማይመስል ቦታ፣ ይኸውም በአንዲት ነርስ የእጅ አንጓ ላይ ነው።

እንደሚታወሰው፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ቺኩንጉንያ የሚባል የቫይረስ በሽታ ተነሣ። በቢምቢ የሚተላለፍ ቫይረስ ለከተማይቱ እንግዳ አልነበረም፤ የደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. እዚያው ድሬዳዋ ውስጥ ነበር። ቺኩንጉንያም ቢሆን ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ ታይቷል። ይሁን እንጂ የ2011ዱ ወረርሽኝ በስፋቱ ከቀደሙት ሁሉ በለጠ። መስከረም 2012 ዓ.ም. ሳያልቅ በበሽታው የተጠረጠሩት ሰዎች ቁጥር ከ40,000 አለፈ። በዘገባዎቹ ላይ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ስለሆነም ትኩሳቱ ሲበርድና የመድኃኒቱ ርጭት ሲቆም ወረርሽኙ አለፈ ተባለ፤ ሞት ያልተቆጠረበት ወረርሽኝ ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

የወረርሽኝ መዝገብ የሚቆጥረው ሁለት ነገር ነው፤ የታመመንና የሞተን። ያልሞተ ሁሉ እንደ ዳነ ይገመታል። ቺኩንጉንያ ግን ይህን ግምት የማያከብር በሽታ ነው። ስሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1952 በዛሬይቱ ታንዛኒያ ደቡብ ከተነሣው ወረርሽኝ ሲሆን፣ በመኮንዴ ሕዝብ ቋንቋ የሚያጎብጥ፣ የሚያጥፍ ማለት ነው። ሕመምተኛው በድንገት በትኩሳት ይያዛል፤ ቀጥሎም የጣቶቹ፣ የእጅ አንጓዎቹ፣ የጉልበቶቹና የቁርጭምጭሚቶቹ መገጣጠሚያዎች ይቆረጥሙታል። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። ቁርጥማቱ ግን በአንዳንዱ ላይ ለወራት፣ በአንዳንዱም ላይ ለዓመታት ይቆያል። ጠዋት ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል፤ ደረጃ መውረድ ይከብዳል፤ ደኅና ሰነበተ ሲባልም ሕመሙ ይመለሳል።

ይህ ወሬ ሳይሆን የተለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሬዩኒየን ደሴት 266,000 ያህል ሰዎች በዚሁ ቫይረስ ተይዘዋል፤ ይህም ከደሴቲቱ ሕዝብ ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ነው። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ወታደራዊ ፖሊሶች ጤንነት በጥንቃቄ ተመረመረ፤ የተያዙትና ያልተያዙት ጎን ለጎን ተነጻጸሩ። ከ30 ወር በኋላም እንኳ የተያዙት ካልተያዙት ይልቅ ሕመም ያሠቃያቸውና አኗኗራቸው የተጎዳ ሆነው ተገኙ፤ ክትትሉም እስከ 6 ዓመት ቀጠለ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። የተመረመሩት ሰዎች ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ አቅማቸው ተመዝኖ ለሥራ የተመረጡ፣ ጠንካራ ሰዎች ነበሩ። ቁርጥማቱ ከእርጅና የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

አማርኛችን ከበሽታ በኋላ ላለው ጊዜ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት፤ ማገገምና ግርሻ። ያገገመ ሰው ወደ ጤናው መንገድ ላይ ነው፤ ያገረሸበት ደግሞ ወደ አልጋው ተመልሷል። በሁለቱ መካከል ለሚቆም ሰው፣ ማለትም በሽታው ለቆት ጉልበቱ ላልተመለሰለት፣ አንድ የታወቀ ቃል የለም። ስም የሌለው ሕመም ደግሞ በዘመድም ሆነ በአለቃ ዘንድ በቀላሉ ስንፍና ይባላል። ሕመምተኛው የሕክምና ሠራተኛ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ሌላውን የምታክም እንዴት ራስህን አጣህ ይባላልና።

የጤና ሠራተኞች ከበሽታ በኋላ ስለሚቀርባቸው ሕመም ከኢትዮጵያ ውጭ የተጻፈው ታሪክ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1934 በሎስ አንጀለስ ጠቅላላ ሆስፒታል 198 ሠራተኞች፣ በዚያን ጊዜ ልጅነት ልምሻን በመሰለ ሕመም ተያዙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለረዥም ጊዜ ጉልበታቸው አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ በለንደን ሮያል ፍሪ በሚባለው ሆስፒታል 292 ሠራተኞች ታመሙ። ሆስፒታሉም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉ ሕሙማን ሞልተውበት ነበር፤ ዳሩ ግን ከተኝተው ታካሚዎች መካከል የተያዙት 12 ብቻ ነበሩ። አደጋው የወደቀው በአስታማሚዎቹ ላይ ነው። ምክንያቱ የሆነው ተሐዋሲ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የድሮውን የሕሙማን መዝገብ አገላብጠው፣ ሕመሙ በብዛት የታየው በሴቶች ላይ ስለሆነ የመንፈስ ሁከት የወለደው ነው የሚል ሐሳብ አሳተሙ። ሕመምተኞቹን ራሳቸውን አልመረመሩም። በዚያው ሆስፒታል ሕሙማኑን በዓይናቸው ያዩት ዶክተር ሜልቪን ራምሴይ ይህን ሐሳብ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተቃወሙ። ይሁንና የወረቀቱ ቃል ከሐኪሙ ምስክርነት ይልቅ ለብዙ ዓመታት ሲደመጥ ኖረ። አንድ መሐንዲስ የተሰነጠቀ ምሰሶ ሳያይ፣ ንድፉን ብቻ ተመልክቶ «ስንጥቁ ከተመልካቹ ዓይን ነው» ብሎ ቢፈርም ምን ይባል ነበር?

መቼም በምሕንድስና ቋንቋ ብረት ይደክማል። ጭነት በተመላለሰበት ቁጥር በውስጡ የማይታይ ጉዳት ይከማቻል፤ ከዚያም አስቀድሞ በቀላሉ ይሸከመው በነበረ ጭነት ይሰበራል። ይህ ሲነገር ብረቱን ሰነፍ የሚለው የለም። ለብረት የተፈቀደው ቃል ለነርስ ሲሆን ለምን ያሳፍራል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት በሽታ ቶሮንቶ በገባ ጊዜም የተጎዱት በብዛት የሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩ። ሕመሙ ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ቀድሞ ሥራቸው መመለስ ያቃታቸው 22 ሰዎች ሲመረመሩ፣ 21ዱ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ድካም፣ የጡንቻ ሕመምና ዕረፍት የማይሰጥ እንቅልፍ ተገኘባቸው። ከዚያም ኮቪድ መጣ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከኮቪድ በኋላ ለሚቀረው ሕመም ይፋ ትርጉም የሰጠው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሲሆን፣ በትርጉሙም መሠረት ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከተያዙ ከ3 ወር በኋላ የሚታይና ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ ነው። ስም የሌለው ነገር ስም አገኘ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። በቺኩንጉንያው ወረርሽኝና በመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መካከል ያለው ጊዜ ቢቆጠር ጥቂት ወራት ብቻ ነው። መስከረም ላይ የቺኩንጉንያ ሕሙማንን ሲያስታምሙ የነበሩ እጆች፣ በዚያው ዓመት ከጅቡቲ የሚመለሱትን ሰዎች መቀበልና ጓንትና ጭምብል አድርገው መሥራት ግድ ሆነባቸው። ቢምቢ ነርስንና ሕመምተኛን ለይታ አትነድፍም። ሆስፒታሉም ከከተማው ውጭ አይደለም። መስከረም ላይ የታመመ ሠራተኛ መጋቢት ላይ ምን ያህል ጉልበት ነበረው? ይህ ጥያቄ የሚሰፍርበት ረድፍ በመዝገቡ ውስጥ የለም።

በትልቅ ሆስፒታል የአንድ ሰው መድከም በሌሎች ይሸፈናል፤ የፈረቃው ዝርዝር ይሸጋሸጋል፣ ብርቱው ለደካማው ይነሣለታል። እንደ ቢዮ አዋሌ ባለው ቀበሌ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲታቀድ ለአንድ የገጠር ቀበሌ የተመደቡት ሁለት ሴቶች ናቸው። ሥራቸውም ከወንበር ላይ የሚሠራ አይደለም፤ ከቤት ወደ ቤት መሄድ፣ የክትባት ዕቃ መሸከም፣ ነፍሰ ጡሮችን መከታተል ነው። ከሁለቱ አንዷ በቁርጭምጭሚቷ ቁርጥማት ምክንያት የግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ቢያቅታት ምን ይሆናል? በመሐንዲሶች አነጋገር፣ መጠባበቂያ የሌለው ሥርዓት አንድ ክፍሉ ሲደክም አገልግሎቱ በእኩሌታ ይቀንሳል። ሁለተኛዪቱም የጓደኛዋን ሸክም ስለምትደርብ የድካሙ ተራ ወደ እርሷ ይሄዳል። የውሃ ማውጫ ጣቢያ ሲነደፍ ሁለት ፓምፕ ብቻ ተክሎ፣ ሁለቱም ሳያርፉ በሙሉ ጉልበት እንዲሠሩ ማዘዝ የሚፈቀድ አይደለም። ለሰው ግን ተፈቅዷል።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም አልተሰፋም። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የሚቀጥሉት 2 ወሮች ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወሮች ያለ ደመወዝ። ይህ አቆጣጠር ወይ ለታመመ ወይ ለዳነ ሰው ይሆናል። ሰኞ ደኅና ሆኖ ረቡዕ ጣቱን ማጠፍ ለሚያቅተው ሰው ግን አይመችም። ከዚህም በላይ፣ በዚያው አዋጅ አንቀጽ 98 ላይ፣ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚዛመት ወረርሽኝ በሥራ ምክንያት እንደ መጣ በሽታ አይቆጠርም ተብሏል፤ የሚቆጠረው በሽታውን በመዋጋት ሥራ ላይ ብቻ ለተሰማራ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ በአንድ የግል ክሊኒክ በማዋለጃ ክፍል ስትሠራ የተነደፈች አዋላጅ ነርስ ከየትኛው ወገን ትመደባለች? ቢምቢዋ የነደፈቻት በክሊኒኩ ግቢ ይሁን በቤቷ ደጃፍ ማን ይመሰክራል? በወባ ጊዜ የምንጠይቀው «ማታ የት አደርክ» የሚለው ጥያቄ እንኳ እዚህ አይሠራም፤ ይህች ቢምቢ የምትነድፈው በቀን ነውና።

ኤዴስ ኤጂፕታይ የምትባለው ይህች ቢምቢ ከወባዋ ቢምቢ በጠባይዋ ትለያለች። ሕዝባችን ስለ ወባ የተማረው ረግረግ ማድረቅና ሌሊት አጎበር መዘርጋት ነው። ይህ ዕውቀት ደግ ነው፤ ዳሩ ግን ለኤዴስ አያገለግልም። እርሷ የምትወደው ረግረግ ሳይሆን ንጹሕ የቤት ውሃ ነው፤ በርሜል፣ እንስራ፣ ሮቶ፣ የተጣለ ጎማ። እንቁላሏን የምትጥለው በውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ በደረቅ ግድግዳ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ውሃው ተሞልቶ ሲደርስበት ይፈለፈላል። በሙቅ አገር ከእንቁላል እስከ ክንፍ 7 ወይም 10 ቀን ያህል ይበቃዋል።

መሐንዲስ እዚህ ላይ ጆሮውን ማቅናት አለበት። የውሃው ጠርዝ ከፍ ዝቅ የሚለው መቼ ነው? ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ነው። አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም በቀን 100 ሊትር ይፈጃል። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ቀን ያደርሰዋል። ውሃ በየሁለት ቀኑ ከመጣ አንድ በርሜል ይበቃል፤ በየ6 ቀኑ ከመጣ ግን 3 በርሜል ያስፈልጋል። 1,000 ቤት ባለበት ሰፈር የፈረቃው ርዝመት ከ2 ወደ 6 ቀን ሲያድግ 2,000 ተጨማሪ የቢምቢ ማሳደጊያ በየጓሮው ይቆማል ማለት ነው። ይህን ያህል በርሜል የሚያቆመው ሕዝቡ አይደለም፤ የውሃው ሰሌዳ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ሰው የሚያነሣው ክርክር ይኖራል። ውሃው በየ6 ቀኑ አልቆ በርሜሉ ከታጠበ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይደፋል አይደለምን? ይደፋ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ባለቤት የመጨረሻውን ሩብ በርሜል አይደፋም። ፈረቃውን አያምነውምና። ነገ ይመጣል የተባለው ውሃ ከነገ ወዲያ ሊመጣ፣ ጭራሹንም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የቀረው ውሃ እንደ ተቀመጠ አዲሱ ይጨመርበታል፤ እጩም ከነውሃው ይቆያል። ከዚህ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት የሚፈስ ውሃ ለማቅረብ ገንዘብ ባይኖር እንኳ፣ በተባለበት ቀንና ሰዓት ሳያሳስት የሚመጣ ውሃ ራሱ መድኃኒት ነው። የመጠኑ ጉዳይ የገንዘብ ነው፤ የታማኝነቱ ጉዳይ ግን በአብዛኛው የአሠራር ነው፣ ለዚህም የሚጠየቀው ባለሙያው ነው።

የሙያው ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው። የፓናማ ቦይ ሲቆፈር በዚህችው ቢምቢ የሚተላለፈው ቢጫ ወባ ሠራተኛውን እየፈጀ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዋና መሐንዲስ ሆነው የተሾሙት ጆን ስቲቨንስ ቁፋሮውን አቁመው የሐኪሙን የዊሊያም ጎርጋስን ሥራ አስቀደሙ። ጭስ ታጠነ፣ ጎርፍ መሄጃ ተቆፈረ፣ ለፓናማ ከተማም የቧንቧ ውሃ ገባላትና የዝናብ ውሃ በርሜሉ አላስፈላጊ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢጫ ወባ ከከተማይቱ ጠፋ። ስሙ የሚነሣው የሐኪሙ ነው፤ ቧንቧውን የዘረጉት ግን የእኛ ሙያ ሰዎች ናቸው።

በድሬዳዋ ጉዳዩ ከቺኩንጉንያም አልፏል። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የእስያ የወባ ቢምቢ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። እርሷም እንደ ኤዴስ በተከማቸ ውሃ ትራባለች። ከምትወዳቸውም ቦታዎች አንዱ በሕንፃ ሥራ ቦታ ኮንክሪት ለማጠጣት የሚከማች ውሃ ነው። ይህን እየሰሙ ወደ ሌላ መመልከት አይቻልም፤ ያ ጉድጓድ የሕዝቡ አይደለም፣ የእኛው ነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የብረቱን ስፋት ለክቶ ሲፈርም፣ አጠገቡ ያለውን ያልተከደነ ጉድጓድ አልፎት ይሄዳል።

ስለዚህ ሥራው ከጤና ተቋሙ ግቢ ሊጀመር ይገባል። የሮቶው ክዳን ገጣሚ ይሁን፤ የትርፍ ውሃ መውጫውና የአየር መግቢያው ቀዳዳው ከ1.2 ሚሊሜትር ባልበለጠ ወንፊት ይሸፈን፤ የቫልቭና የቆጣሪ ጉድጓዶች ውሃ እንዳያቁሩ ወለላቸው ይዘቅዝቅ። የመኝታ ክፍሎቹ መስኮትም ወንፊት ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳት ላይ ያለ ሕመምተኛ ቀን ተኝቶ ሲነደፍ ቫይረሱን ለቢምቢዋ ያቀብላል፣ እርሷም ለነርሷ። ወንፊቱ ግን ነፋሱን እንዳያፍን መስኮቱ በዚያው ልክ ይስፋ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜ በተፈጥሮ ነፋስ ለሚናፈስ ክፍል ለአንድ ሕመምተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር እንዲገባ መክሯልና። ቢምቢንም አየር ወለድ ቫይረስንም ባንድ መስኮት መከላከል ማለት ነው፤ ለዚህ የነዳፊው ብልሃት ያስፈልጋል።

ከታመሙ በኋላ ለሚመለሱት ሠራተኞች ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ከጥገና የወጣ ሞተር በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጭነት አይጫንበትም፤ በዝቅተኛ ጭነት ተሞክሮ ሙቀቱና ድምፁ እየታየ ይጨመርለታል፣ ምልክት ካሳየም ይቀነስለታል። የሰው ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። ለቁርጥማት መጠነኛ እንቅስቃሴ ሊጠቅም ይችላል፤ ከሥራ በኋላ በማግሥቱ የሚጥል ድካም ያለበትን ሰው ግን በግድ ማሠራት ይጎዳዋል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ሥር ለሰደደ የድካም ሕመም ቀደም ሲል ያዝዝ የነበረውን፣ በተወሰነ ልክ እየጨመሩ የማሠራት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰርዞታል። ስለዚህ የሠራተኛውን ጭነት የሚወስነው ራሱ የሚያሳየው ምልክት እንጂ የሰሌዳው ቀን ሊሆን አይገባም። መዝገቡም በዚሁ መንገድ ይሻሻል፤ በወረርሽኝ የታመመ እያንዳንዱ የጤና ሠራተኛ በ30ኛው፣ በ90ኛውና በ180ኛው ቀን ምን ያህል ሰዓት እንደሚሠራ፣ ምን መሸከም እንደማይችል በአንድ መሥመር ይጻፍለት። ለዚህ የሚፈጀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

በመጨረሻም አንድ ትንሽ የንድፍ ጉዳይ። 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እርሱን ከመሬት ማንሣት የታመመ የእጅ አንጓ የሚችለው አይደለም። ቢዮ አዋሌን በመሰለ ቦታ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ የውሃ መቅጃው መደብ እስከ ወገብ ከፍ ቢል፣ ጀሪካኑ ሳይነሣ ወደ ጋሪ ይንሸራተታል። የቧንቧውም መክፈቻ በጣት የሚጠመዘዝ ከመሆን ይልቅ በክርን የሚገፋ ረዥም ክንድ ቢኖረው፣ ጣቷ የማይታጠፍላት ነርስ በቀላሉ ትከፍተዋለች፤ እጁን ታጥቦ የሚገባ ሐኪምም ንጹሕ እጁን መልሶ አያቆሽሽም። የሁለቱ የቧንቧ ዓይነቶች የዋጋ ልዩነት በአንድ ጤና ጣቢያ የግንባታ ሒሳብ ውስጥ የሚታይ አይደለም።